ከጋምቤላ የመጣው ቪዲዮ፦ መጠኑ ሲቀንስ ጥራቱ ወዴት ይሄዳል?

ወሩ ጥር፣ ሰዓቱም ቀትር ነው። ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደንን አውሮፕላን እንጠብቃለን። የቆላው ሙቀት ከማኮብኮቢያው አስፋልት ላይ እየተነሣ አድማሱን ያርገበግበዋል። በቦርሳችን ውስጥ አንድ ሀርድ ዲስክ አለ፤ በእርሱም ላይ በባሮ ወንዝ ዳርቻና በአካባቢው መንደሮች የቀረጽነው የስድስት ሰዓት ቪዲዮ ተከማችቷል። የካሜራውን ካርዶች እያጸዳን ደጋግመን ስለተጠቀምንባቸው ከዚህ ዲስክ በቀር ሌላ ቅጂ የለንም። ዲስኩ ቢወድቅ ወይም ቦርሳው ቢጠፋ የጉዞው ፍሬ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በኪሳችን የቀረችው አንዲት ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ዲስክ ናት። ቪዲዮው ግን 65 ጊጋባይት ያህል ነው። አውሮፕላኑ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቀረዋል።

ከመካከላችን አንዱ፣ «ጥራቱ ሳይጎድል መጠኑን በግማሽ እንቀንሰውና ፍላሿ ላይ እንጫነው» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ውድ አንባብያን፣ ስልካችሁ ቦታ እንደሞላበት በነገራችሁ ጊዜ እናንተም ይህንኑ ሳትመኙ አልቀራችሁም። ነገር ግን «ጥራቱ ሳይጎድል» የምትለው ሐረግ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ትጠራለች። እኛም ይህን ባለመለየታችን ከዚህ ቀደም ዋጋ ከፍለናል።

ከዚያ በፊት በነበረው ጉዟችን አንድ የአኝዋክ አዛውንት አመሻሽ ላይ ቶም ሲመቱ ቀርጸን ነበር። ቶም በእንጨት ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች ያሉት፣ በአውራ ጣት እየተነካ የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን ኑዌሮችና ማጃንግሮችም ያውቁታል። ይህን መሣሪያ ለመማር ጆሮ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጣትን መመልከት እንደሚያስፈልግ አዛውንቱ በአስተርጓሚያችን በኩል ነገሩን። እኛም ካሜራውን ወደ ጣቶቻቸው አስጠግተን ቀረጽን። ማታ ቦታ ሲጠበን ያንን ቪዲዮ በኮምፒውተር ወደ አንድ ስምንተኛው አሳነስነውና ዋናውን ደመሰስነው። በትንሿ መስኮት ስናየው ለውጥ አልታየንም ነበር። አዲስ አበባ ደርሰን በትልቅ ስክሪን ስንከፍተው ግን ጣቶቹና ብረቶቹ ተዋሕደው ዳመና መስለዋል፤ አውራ ጣታቸው የትኛውን ብረት እንደነካ መለየት አልተቻለም። ለመሆኑ የጣቶቹ ምስል ወዴት ሄደ?

ያልታመቀ ቪዲዮ ምን ያህል ይከብዳል?

ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶግራፎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፍሬም ይባላል። ካሜራችን የሚያነሣው ፍሬም በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት፤ ይህም በድምሩ 2,073,600 ፒክስል ነው። ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ብርሃን መጠን አንድ አንድ ባይት ቢመደብ አንዱ ፍሬም 6.2 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ 155 ሜጋባይት፣ በሰዓት ደግሞ 560 ጊጋባይት ይደርሳል። በዚህ ስሌት ባለ 64 ጊጋባይት የካሜራ ካርድ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላው ይሞላል።

ካሜራችን ግን የሚጽፈው በሰከንድ 24 ሜጋቢት፣ ማለትም 3 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በሰዓት 10.8 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ስለዚህ «ዋናው» እያልን የምንጠራው ቅጂ ራሱ ገና ከካሜራው ሳይወጣ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ታምቋል። ብዙ ሰው ይህን አይገነዘብም፤ በኮምፒውተር ላይ የሚደረገው ማሳነስ የመጀመሪያው ሳይሆን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እመቃ ነው።

ጉድለት አልባ እመቃና ወሰኑ

የመጀመሪያው የእመቃ ዓይነት በእርግጥም አንዲት ቢት ሳትጎድል የሚመልስ ነው። የዚህ ዘዴ መሠረት በክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የተጣለ ሲሆን ዴቪድ ሀፍማን በ1952 ባሳተመው ዘዴ ለሥራ የሚመች መልክ ይዟል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሚደጋገመው አጭር ምልክት፣ እምብዛም ለማይገኘው ረጅም ምልክት መስጠት። በአማርኛ ጽሑፍ «ን» በየመስመሩ ትገኛለች፤ «ጿ» ግን አልፎ አልፎ ብቻ ትመጣለች። ለሁለቱም እኩል ቦታ መመደብ ብክነት ነው። ዚፕ የሚባለው ፋይል የሚሠራው በዚህ ሐሳብና ተደጋጋሚ ሐረጎችን በማሳጠር ነው።

«ታዲያ ቪዲዮውን ለምን ዚፕ አናደርገውም?» የሚል ጥያቄ በማረፊያው ወንበር ላይም ተነሥቶ ነበር። ሞከርነው፤ ፋይሉ ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላሳየም። ምክንያቱን ለሒሳብ ወዳዶች በአጭሩ እንግለጽ። 10 ቢት ርዝመት ያላቸው የተለያዩ ፋይሎች 1024 ናቸው። ከ10 ቢት ያነሱት ግን፣ ባዶውን ጨምሮ፣ በድምሩ 1023 ብቻ ናቸው። 1024 እንግዶችን በ1023 አልጋ ላይ ለየብቻ ማስተኛት አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም ፋይል ሳያጎድል የሚያሳንስ ዘዴ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ማሳነስ የሚቻለው ድግግሞሽ ያለበትን ብቻ ነው፤ ካሜራው ድግግሞሹን አስቀድሞ አሟጦ ስለወሰደው ለዚፕ የተረፈው ነገር የለም።

ለቪዲዮ ተብሎ የተዘጋጀ ጉድለት አልባ ዘዴ የለም ማለታችን ግን አይደለም። ኤፍኤፍቪ1 የተባለው ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቶ በ2021 በዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል ተመዝግቧል፤ አሮጌ ፊልሞችን ወደ ዲጂታል የሚያዛውሩ ቤተ መዛግብትም ይጠቀሙበታል። ሆኖም ያልታመቀውን ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ቢያወርደው ነው። ከ560 ጊጋባይት ሲሶው 187 ጊጋባይት ነውና ለፍላሻችን የሚሆን አይደለም።

ዓይን የማትቆጥረው

ሁለተኛው ዓይነት አጉዳይ እመቃ ይባላል። ይህ ዘዴ እያወቀ ይጥላል፤ የሚጥለውም ዓይን አትነቃበትም ተብሎ የታሰበውን ነው። የሰው ዓይን የብርሃንን ማነስና መብዛት በጥቃቅን ዝርዝር ታያለች፤ የቀለምን ለውጥ ግን በዚያ ልክ አትለይም። ስለዚህ ካሜራው ለአራት ጎረቤታሞች ፒክስሎች አራት የብርሃን ቁጥሮችን ይይዝና ለቀለም ሁለት ቁጥሮች ብቻ ለአራቱ በጋራ ይሰጣል። አሥራ ሁለት የነበሩት ቁጥሮች ስድስት ሆኑ። ሸክሙ በግማሽ ቀለለ፤ ተመልካቹም አልነቃም።

ይህን የቡና ነጋዴ ያውቀዋል። ጀንፈል ተፈልፍሎ ገለባው ሲወገድ ጭነቱ ይቀላል፤ ጠጪውም ገለባውን አይጠይቅም። ነገር ግን ገለባው ወደ ፍሬው አይመለስም፤ ፍሬውን ዘር አድርጎ ሊተክል ያሰበ ሰው ደግሞ ሌላ ስሌት አለው።

በማኮብኮቢያው ዳር የተተከለ ካሜራ

ከዚህ የሚበልጠው ቁጠባ ግን የሚገኘው ከአንዱ ፍሬም ውስጥ ሳይሆን በፍሬሞች መካከል ነው። እስቲ በምናባችን አንድ ካሜራ በጋምቤላ ማኮብኮቢያ ዳር እንትከል። (አውሮፕላን ማረፊያን ያለ ፈቃድ መቅረጽ ስለማይገባ እውነተኛው ካሜራችን ከቦርሳው አልወጣም።) ካሜራው በባለ ሦስት እግር መቆሚያው ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ለሃያ ደቂቃ የመጣ ነገር የለም። አስፋልቱ ያው አስፋልት፣ ሰማዩም ያው ሰማይ ነው። በሰከንድ 25 ጊዜ ያንኑ አስፋልት ደግሞ መጻፍ ምን ይጠቅማል? አስተዋይ ጸሐፊ «እንደ ቀድሞው ነው» ብሎ ያልፋል። የአማቂው ፕሮግራም ሥራም ይኸው ነው። መጀመሪያ አንድ ፍሬም ሙሉውን ይጽፋል፤ ይህ ቁልፍ ፍሬም ይባላል። ከዚያ በኋላ ለሚመጡት የሚጽፈው ልዩነታቸውን ብቻ ነው።

አሁን አውሮፕላኑ አርፎ ከቀኝ ወደ ግራ ያኮበኩባል እንበል። ፍሬሙ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ ለምሳሌ 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ብሎኮች ተከፍሏል። አማቂው የአውሮፕላኑን አካል እንደ አዲስ አይሥለውም፤ «ይህን ብሎክ ከባለፈው ፍሬም ውሰድና 12 ፒክስል ወደ ግራ አድርገው» ይላል። 256 ፒክስሎች በሁለት አነስተኛ ቁጥሮችና በጥቂት ማረሚያ ተተኩ። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ከጅራቱ ኋላ የሚገለጠው ሣር በቅርቡ ባለፈው ፍሬም ላይ ተሸፍኖ ስለነበር ከዚያ አይገኝም፤ ከሚቀጥለው ፍሬም ግን ይገኛል። ስለዚህ አማቂው ቀድሞ የሚመጣውን ፍሬም አይቶ ወደ ኋላ ተመልሶ መካከለኛውን ይሞላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሠምሯል። የማይሠምርባቸው ስፍራዎች ግን አሉ፤ በጋምቤላ ደግሞ ብዙ ናቸው። የፕሮፔለሩ ስድስት ምላጮች በየፍሬሙ ሌላ ቅርጽ ይሠራሉ። ከአስፋልቱ የሚነሣው የሙቀት ሞገድ አድማሱን በየቅጽበቱ ያጣምመዋል፤ የትኛው ብሎክ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ቀስት አይገኝለትም። ነፋስ የሚያርገፈግፈው ረጅም ሣር፣ ፀሐይ የምታንጸባርቅበት የባሮ ውኃ፣ ከመኪና ጎማ ሥር የሚነሣ አቧራ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ስለሆነም «የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ስንት ጊጋባይት ሊሆን ይገባል?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ባዶው ማኮብኮቢያ በሰከንድ ከአንድ ሜጋቢት በታች ሊበቃው ይችላል፤ የባሮ ውኃ ግን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ይፈልጋል።

በዚህም ምክንያት አማቂ ፕሮግራሞች የፋይሉን መጠን ሳይሆን ጥራቱን ወስነን መጠኑን ለእነርሱ እንድንተውላቸው የሚያስችል መንገድ አላቸው። ኤክስ264 የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለምሳሌ ከ0 እስከ 51 በሚሄድ ሚዛን 23ን መነሻ ያደርጋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። 18 ገደማ ላይ ብዙ ሰው ከዋናው መለየት ያቅተዋል። በአንድ ስምንተኛ እናሳንስ ብለን አስቀድመን መጠኑን መቁረጣችን የመጀመሪያው ስሕተታችን ነበር።

47 እና 52

አሁን ወደ ጣቶቹ እንመለስ። ከትንበያው የተረፈው ማረሚያ እንዴት ያንሳል? የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ናስር አህመድ ከናታራጃንና ከራዎ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ዲስክሪት ኮሳይን ትራንስፎርም የተባለ ዘዴ እዚህ ላይ ይመጣል። አህመድ ሐሳቡን በ1972 ለምርምር ድጋፍ ሲያቀርብ እጅግ ቀላል መስሎ ስለታየ ገንዘብ እንዳላገኘበት ራሱ ጽፏል። ዛሬ ግን ከፎቶግራፍ እስከ ቪዲዮ የዚህ ዘዴ ዘመድ ያልገባበት ቅርጸት ማግኘት ያዳግታል።

ዘዴው ብሎኩን ከፒክስሎች ዝርዝር ወደ ሞገዶች ዝርዝር ይለውጠዋል። 8 በ8 የሆነ ብሎክ 64 ቁጥሮች ነበሩት፤ ከለውጡ በኋላም 64 ቁጥሮች ናቸው፤ እስካሁን የጠፋ ነገር የለም። ልዩነቱ፣ ፈዘዝ ያሉትን ሰፋፊ ለውጦች የሚገልጹት ጥቂት ቁጥሮች ትልልቅ ሲሆኑ ጥቃቅን ዝርዝሮችን የሚገልጹት ብዙዎቹ ወደ ዜሮ የቀረቡ መሆናቸው ነው።

መጥፋት የሚጀምረው ቀጥሎ ነው። አማቂው እያንዳንዱን ቁጥር ለአንድ አካፋይ፣ ለ10 እንበል፣ ያካፍልና ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋዋል። 47 ለ10 ሲካፈል 4.7፣ ተጠጋግቶ 5 ይሆናል። 52 ለ10 ሲካፈል 5.2፣ ተጠጋግቶ እርሱም 5 ነው። ቪዲዮው ሲከፈት ሁለቱም 50 ሆነው ይመለሳሉ። 3 ደግሞ 0 ሆኖ ይቀራል። የትኛው 47፣ የትኛው 52 እንደነበረ ከዚህ በኋላ በየትኛውም ፕሮግራም ማወቅ አይቻልም። ቀደም ሲል ካየነው የቀለም ቁጥሮች ቅነሳ በቀር የጉድለቱ ምሥጢር በሙሉ በዚህች ማጠጋጋት ውስጥ አለ። ሌላው ሁሉ በመርሕ ደረጃ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ነው።

ቪዲዮውን እንድናሳንስ ስናስገድደው አካፋዩ ያድጋል፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም ትንንሾቹ ቁጥሮች፣ ማለትም ጥቃቅን ዝርዝሮች ናቸው። ቀጭን ብረት፣ የጣት ጠርዝ፣ በሁለት ብረቶች መካከል ያለች ክፍተት ማለት ነው። የአዛውንቱ ቪዲዮ አመሻሽ ላይ የተቀረጸ በመሆኑ የብርሃን ማነስ የፈጠረው ብናኝ መሰል ጥርጥር በምስሉ ላይ ነበረ፤ አማቂው ያለችውን ጥቂት ቢት ለዚያ ብናኝ ሲያካፍል ለጣቶቹ አነሰበት። በድምፁም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በአጉዳይ የድምፅ እመቃ፣ ቢቱ ሲያንስ፣ እንደ ቶም ያለ በድንገት የሚነሣ ድምፅ ከመነሣቱ ጥቂት ቀድሞ ደካማ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ማጠጋጋቱ የወለደው ስሕተት በድምፁ ቁራጭ ውስጥ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚበተን ነው።

የታመቀውን መልሶ ማመቅ ደግሞ ስሕተት በስሕተት ላይ መደረብ ነው። ፎቶ ኮፒን ፎቶ ኮፒ ያደረገ ተማሪ ውጤቱን ያውቀዋል።

ስልቻውና እህሉ

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አንድ ጉዳይ እናንሣ። ኤምፒፎር፣ ኤቪአይ፣ ኤምኬቪ የሚባሉት የፋይል ስሞች የእመቃ ዘዴዎች አይደሉም፤ መያዣዎች ናቸው። ስልቻ ውስጥ ጤፍም ማሽላም ሊኖር እንደሚችል ሁሉ በኤምፒፎር ውስጥ ኤች.264ም ኤች.265ም ሊኖር ይችላል። እህሉን ሳይነኩ ስልቻውን መለወጥ ይቻላል፤ ይህም በጥቂት ደቂቃዎች የሚያልቅና አንዲት ቢት የማያጎድል ሥራ ነው። ቪዲዮው በስልካችሁ አልከፈት ሲል ችግሩ የመያዣው ብቻ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ለማመቅ መቸኮል አይገባም።

የቦዩ ስፋት

ዘዴዎቹ ለምን በየጊዜው እንደሚለወጡ ለመረዳት ጋምቤላ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ አቋቁመው ነበር፤ ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦችም የኢትዮጵያን ቡና በባሮ ላይ ይጭኑ ነበር። ወንዙ ለመርከብ የሚበቃው በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለሆነ የጭነቱን መጠንና ጊዜ የሚወስነው ነጋዴው ሳይሆን ውኃው ነበር።

የቪዲዮም ታሪክ እንዲሁ ነው። በእ.ኤ.አ. 1993 የወጣው ቪሲዲ ኤምፔግ-1ን የተጠቀመው አንድ ተራ ሲዲ በሚነበብበት ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ለምስሉ በሰከንድ 1150 ኪሎቢት ብቻ ተመደበለት፣ ምስሉም 352 በ288 ፒክስል ሆነ። አንድ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ በመርካቶ ይሸጡ የነበሩት የአማርኛ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ሁለት ዲስክ ነበሩ። በዘፈን ክሊፖቹ ላይ ጭፈራው ሲፈጥን ምስሉ በአራት ማዕዘን ይቆራረጥ እንደነበር የዚያን ጊዜ ተመልካች አይረሳውም፤ የትከሻ እስክስታ ለትንበያ የሚያስቸግር እንቅስቃሴ ነውና።

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው «ፕላዝማ» ደግሞ ትምህርቱን በሳተላይት ያሠራጭ ነበር። ዲጂታል እመቃ ባይኖር ኖሮ የተለያዩ ክፍሎችን የተለያዩ ትምህርቶች በአንድ ጊዜ በሳተላይት ማድረስ እጅግ ውድ በሆነ ነበር። ቆሞ የሚናገር መምህርና የማይነቃነቅ ሰሌዳም ለአማቂ ከእስክስታ ይልቅ ምቹ ናቸው። (የትምህርቱ ፍጥነት ለተማሪው ምቹ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው።)

ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች.265 በ2013፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚሠራበት ኤቪ1 በ2018፣ ኤች.266 በ2020 ወጡ። ኤች.265 ከኤች.264 ጋር ሲነጻጸር በግምት በግማሽ ቢት ተቀራራቢ ጥራት ይሰጣል። ይህ ቁጠባ ግን በነጻ የመጣ አይደለም፤ የብሎኮቹ አከፋፈልና የትንበያው አማራጭ ስለበዛ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ስሌት በብዙ እጥፍ ጨምሯል። የቦታን ወጪ በጊዜና በኤሌክትሪክ እንከፍለዋለን።

በማረፊያው የተደረገ ስሌት

ታዲያ የእኛ ስድስት ሰዓት ቪዲዮ ምን ይሁን? በወረቀት ላይ መልሱ ቀላል ነው። ወደ ኤች.265 ለውጠን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብንመድብለት በሰዓት 4.5፣ በድምሩ 27 ጊጋባይት ይሆንና ፍላሿ ትበቃዋለች። ነገር ግን ያረጀው ላፕቶፓችን ይህን እመቃ ከቪዲዮው ርዝመት ባነሰ ጊዜ አይጨርስም፤ ስድስቱ ሰዓት ከስድስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ያለን ደግሞ ሁለት ሰዓትና ግማሽ የቀረው ባትሪ ነው። ፈጣኑን አማራጭ መርጠን ብናቻኩለው፣ ያው የመጀመሪያው ጉዞ ታሪክ ይደገማል።

ስለዚህ ማመቁን ትተን መረጥን። በባሮ ዳርቻ የቀረጽነው ረጅም የውኃ ምስል ለጊዜው ይቅር ተባለ፤ ባሮን በሌላ ጉዞም መቅረጽ ይቻላል። የመንደሮቹን ቃለ ምልልሶችና በዚህ ጉዞ እንደገና ፈልገን ያገኘናቸውን የቶም መቺ አዛውንት ቅጂ ለየን። ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ሆነ፤ በ10.8 ሲባዛ 29.7 ጊጋባይት ነው። ካሜራው እንደጻፈው፣ አንዲት ቢት ሳይነካ፣ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ገደማ እየተገለበጠ በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ መሆናቸውንም በፕሮግራም አመሳከርን።

ፍላሿ በአንዳችን የሸሚዝ ኪስ፣ ሀርድ ዲስኩ በሌላችን የእጅ ቦርሳ ሆነው ተሳፈሩ፤ ሁለቱም አዲስ አበባ በደኅና ገቡ። የመጀመሪያው ጉዞ ቅጂም እስካሁን አለን። አዛውንቱ ያንኑ ዜማ እንዲደግሙልን ስንጠይቃቸው ደግመውልናል፤ በመካከሉ የነበረችው አንዲት ፈጣን ሐረግ ግን አልተመለሰችም። በአሮጌው ቅጂ ላይ ትሰማለች፤ እንዴት እንደተመታች አይታይም።